የትሪው ዳር

ሌሊቱን በሙሉ ብርድ ልብስ ሸምኜ፣
ማለዳ ወጣሁኝ ውርጩን ተሸፍኜ።

ጠባሴ አስፋልት ዳር እትዬ ማሚቴ
ሁለት እስር ጎመን አሳዩኝ፦ «አባቴ፣
ውርጭ ሳይቆነጥጠው ጎመን መች ይጥማል?
ቅጠልም እንደ ልጅ ተቀጥቶ ይለማል።»
«ሒሳቡን» አልኳቸው «ደሞዝ ሲመጣልኝ»፤
ያልሰሙ መሰሉ፣ ቃሪያ ጨመሩልኝ።

አጠብኩት ደጋግሜ፤ ውሃው እጅ ይቆርጣል።
ግንዱን ለይቼ ጣልኩ፤ ቅጠሉ ይበቃል።
ታኅሣሥ ፆም ነውና፣ በጥቂት ዘይት
ሽንኩርት አቁላላሁ፣ ጨው ጨመርኩ በግምት።
ድስቱን ጢም አድርጎ ተቆልሎ ነበረ፤
ክዳኑን ስከፍተው
እፍኝ ብቻ ቀረ።

እጄ ለምዶበት ነው፣ ጎመኑን ዳር ጣልኩት፤
መሃሉን ለወጡ፣ ለሌለው ተውኩለት።

«ወጡስ?» አለ አጥናፉ፣ እጁን ታጥቦ መጥቶ።
«ከደሞዝ ጋር ይመጣል።»
ሳቀ፣ የሱፍ ሳሉ ተነስቶ።
ከዚያ ዝም ብሎ ቁጭ አለ፣ እንጀራውን አየና፣
ቃሪያዋን ለሁለት እኩል ገመሰና፣
ዳር ዳሩን በላን።
መሃሉ ንጹሕ ነው ገና።