ለራዲዮው ሰውዬ

ዛሬም በማለዳ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣
ድምፅህ ቀደመኝ ቁልፌን ሳሽከረክር፤
«ዋጋው ይጨምር» አልክ በለሰለሰ አፍ፣
«ሰው መኪናውን ትቶ ሌላ ይሞክር።»

አልተቆጣህም። ጨዋ ነህ፣ የተማርክ፤
ስለ ጭሱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ልጆቻችን ስለሚወርሱት ዕዳ
በወጉ ተናገርክ።
ልክ ነህ። ይህን የምልህ ደስ ብሎኝ አይደለም፤
አምና በነሐሴ ወንዛችን ሲነጥፍ፣
ዓሣው ጭቃ ላይ አፉን ሲከፍት ሲዘጋ ቆሜ አይቻለሁ፤
እሱን ያየ ዓይን አይዋሽም።

ኦዲል እባላለሁ። ስድስት ሽማግሌ፣ ሦስት ባልቴት አሉኝ፣
ከኮረብታ ኮረብታ ተበትነው በመስኮት የሚጠብቁኝ።
አንዷን አጥባለሁ፣ አንዱን እላጫለሁ፣
የአንዱን ኪኒን ቆጥሬ፣ የሌላዋን ድመት መግቤ፣
ደግሞ እነዳለሁ፤
በቀን ዘጠና ኪሎ ሜትር፣ በዚህች አሮጌ ፔዦ።
(ከባሌ የተረፈችኝ እሷ ናት፤ ሌላውን ይዞት ሄዷል።)

የናፍጣው ሰሌዳ ቁጥሩን ባሳደገ ቁጥር
ከቅርጫቴ አንድ ነገር ይወጣል፤
መጀመሪያ አይቡ፣ ቀጥሎ የጥርስ ሐኪሙ ቀጠሮ።
ኪሎ ሜትሩ ግን አይቀንስም፤ ዳገቱ ያው፣ ቁልቁለቱም ያው፣
የባልቴቷ ገላም በሳምንት ሦስቴ መታጠቡን አይተው።

አውቶቡስ አለ ትለኛለህ።
አለ እንጂ! ማክሰኞና ዓርብ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት፤
ላም አለኝ በሰማይ፣
ሰሌዳው ላይ ሲታይ አስፋልቱ ላይ አይታይ።

ልጄ ማኤል ናንት ትማራለች፣ ብስክሌት ትጋልባለች፤
እሑድ ስትደውል ካንተ ጋር ወገነች፣
«እማዬ፣ ሳይቃጠል በቅጠል» አለች።
«ቅጠሉስ» አልኳት፣ «ከማን ዛፍ ነው የሚሸመጠጠው?»
ዝም አለች። ዝም አልኩ። ከኋላዋ የትራም ደወል ተሰማ፤
ያን ደወል እኔ የምሰማው በስልክ ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት፣ ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣
ብርቱካናማዋ መብራት በራች።
ለነገ ጠዋት ብዬ ጠብታዋን ቆጠብኩ፤
ፔዦዬን መስቀለኛው ጋ አቁሜ በእግሬ ተነሣሁ፣
ወደ መጨረሻው ቤት፣ ወደ ሙሴ ባራዱክ፣
አራት ኪሎ ሜትር።

ልንገርህ፣ ደስ ይላል።
ከድልድዩ ሥር ውሃ መኖሩን በጆሮዬ ሰማሁ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በላዩ ስበር ሰምቼው አላውቅም።
የጥንቱ ሐዲድ በነበረበት ጥቁር እንጆሪ በቅሏል፤
በላሁ፣ ጣቴ ጠቆረ፣ እግር እንዳለኝ ትዝ አለኝ።
ይህን ደስታ ከሒሳብህ አስገባው፣ አልነፍግህም።

ደረስኩ።
ሙሴ ባራዱክ በረጠበ አንሶላ ላይ ሁለት ሰዓት ተኝተው
የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ።
የባቡር ጣቢያ ሹም ነበሩ፣ ሐዲዱ ሳይነቀል፤
የቲኬት መብሻቸው ዛሬም ኮመዲኖው ውስጥ አለች።
አልተቆጡኝም። እፍረታቸውን በቀልድ ሸፍነው
«ባቡሩ ዘገየ እንዴ?» አሉኝ።
ሳገላብጣቸው ፊታቸውን አዙረው፣
«መንገዳችንን ነቀሉት፤ አሁን ደግሞ
ለምን በጎማ ሄዳችሁ ይሉናል።
ጋሪ ከፈረሱ ሲቀድም አይቻለሁ፤
ፈረሱን ሸጦ ጋሪውን የሚቀጣ ግን…»
አልጨረሱትም። ውሃው ቀዝቅዞ ነበር፤ ሌላ ላሞቅ ሄድኩ።

እና አንተ ሰውዬ፣ ጨምር አልልህም፣ አትጨምርም አልልህም፤
ገንዘቡ የት ይገባል ብዬ ብጠይቅህም
ሌላ ቁጥር ታመጣለህ።
ይልቅ አንድ ሐሙስ ና።
ከጎኔ ተቀመጥ፤ የዚያ በኩል መስኮት አይዘጋም፣ ሻርፕ ያዝ፣
ጫማህም ጭቃ የሚችል ይሁን።
መስቀለኛው ጋ ወርደን አብረን እንሄዳለን፤
ውሃውን ትሰማለህ፣ እንጆሪውንም ትቀምሳለህ።
በሩ ጋ ስንደርስ ግን አንተ ታንኳኳለህ፤
ለምን እንደዘገየን
አንተ ትነግራቸዋለህ።