ሦስተኛው ኮቴ

ሱቄ ምድር ቤት ናት፤ በጠባቧ መስኮት
ፊት አይታይባትም፤ ጫማ ነው የሚያልፍ፣ እግር ነው የሚያልፍ፣ ፍጥነት።
ትሪየስቴን የማውቃት ከቁርጭምጭሚት በታች፣
እርሷም እኔን ከላይ ሆና በመዶሻዬ ድምፅ ታውቀኛለች።

ኔሬዮ የመርከብ በያጅ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤
አረማመዱ ሁለት ምት፣ ከባድ፣ ሳይቸኩል፣ ዷ... ዷ... ይላል፤
የግራ ተረከዙ በውጭ በኩል ቀድሞ ያልቃል፤
መስኮቴን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፣ ይወርዳል፣
አስቀይሮ፣ ተከራክሮ፣ ከፍሎ ይሄዳል።

በአንድ የጥር ማለዳ፣ ቦራ የሚሉት ነፋስ ከኮረብታው ሲወርድ፣
የቆሻሻ ገንዳ ሲያንከባልል፣ ሰው የመብራት እንጨት አቅፎ ሲንገዳገድ፣
ከጫማው በፊት ከዘራ አየሁ።
ጫፏ አዲስ ጎማ፤ የዋጋዋ ወረቀት ገና ያልተላጠ።
ጫማውን አወቅሁት፤ ስፌቱ የእጄ ነው።
የተጫማውን ሰው ግን አላወቅሁትም፤ አረማመዱ ነበር የተለወጠ።

የታመመው ቀኝ ዳሌው፤ ከዘራውም በቀኝ እጁ፤
ቤት ሲያዘም ባላው ባዘመመበት ነው፤ እንዲህ ነው የመከረው ወዳጁ።
ትከሻው ጆሮውን ሊነካ ወጣ፤ ጎኑ ተቆለመመ፤
የተደገፋት እንጨት መልሳ እርሱን ተደገፈች፤ ይብሱን ታመመ።

ድራጊጻ ናት ያረመችው፣ የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት፦
«በግራህ ያዛት! ዳሌህን የሚያግዘው የማዶው ክንድ ነው፤ እስቲ በግራህ ሞክራት፤
ከዘራህና የታመመው እግር እንደ መንታ ይውጡ፤ ደህናው ይከተል፣ በትዕግሥት።
ደረጃ ላይ፣ ሽቅብ ደህናው ይቅደም፤ ቁልቁል ሕመምተኛው።»
በሰባ ሁለት ዓመቱ ዳዴ ጀመረ፣ ያ ኩሩ፣ ያ ዝምተኛው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ምት ሆነ።
ጠቅ ትላለች ከዘራዋ፣ በፀጉር ታህል ቀድማ፤
ከዚያ የቀኙ ዷ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያስፈቅድ፤
ከዚያ የግራው ዷ፣ አንዳንዴ ሳይሰማ።
እርምጃው አጠረ። ይወዛወዝ የነበረው ክንድ ሥራ ያዘ፤
ዳቦ ከገዛ ኮፍያ አያነሣም፤ ኮፍያ ካነሣ ዳቦ የለም፤
መስኮቴንም በከዘራው ጫፍ ማንኳኳት ያዘ።
የማቋረጫው አረንጓዴ መብራት ለሁለት ጤነኛ እግር ተለክቷል፤
መሃል ላይ ይቀላበታል። መኪኖቹ ቆመው ያሳልፉታል።
የሚጠላው ይኼንኑ ነው። «ለእኔ አይደለም፤ ለእንጨቷ ነው የቆሙት» ይላል።
በሦስት ወር ጎማዋ አለቀ፣ በአንድ ጎኗ፣ ልክ እንደ ጫማ፤
«ሦስት እግር ይዤ መጥቻለሁ፤ ቅናሽ አድርግልኝ እንጂ» አለኝና ሳቀ፣
ዓመት ሙሉ ሳቁን ሳልሰማ።

የገረመችኝ ግን ኦንዲና ናት፣ ሚስቱ።
ፈጣን ነበረች፤ ሁለት እርምጃዋ ለአንድ የእርሱ።
በግራው ነበር የምትሄድ፤ ከዘራዋ ቦታዋን ስትወስድ ወደ ቀኙ ዞረች።
አንድ ቀን ጫማዋን ገልብጬ ሳየው፣
ምንም ያላመማት ሴት፣ አንዱን ተረከዝ ብቻ ጨርሳለች።
ለካ እርሷም በሌለ ከዘራ ስትሄድ ኖራለች።

በመከር ዳሌው በብረት ተተካ፤
«ስበይድ ኖሬ ተበየድኩ» አለ።
በመጋቢት ያለ ከዘራ መጣ። ዷ... ዷ...
ግን በመሃሉ፣ ጠቅ ትል በነበረበት፣ ክፍት ቦታ አለ።
የግራ እጁ ባዶውን ጨብጧል።
ኦንዲናም ከጎኑ፣ የቀረችውን ምት ትጠብቃለች።
«ለፈለገ ስጥልኝ» ብሎ ከዘራዋን ትቶልኝ ሄደ።
ፈላጊ አልመጣም። ከሚስማሩ ላይ ተንጠልጥላ አለች።

ማታ ሱቄን ስዘጋ፣ እስከ መንገዱ ሰባት ደረጃ አለኝ።
እኔን አንድም ቦታ አላመመኝ።
«ሽቅብ ደህናው ይቅደም» እላለሁ፣ እግሬን ላነሣ ስል፣
እናም እቆማለሁ፣
የትኛው እንደሆነ ሳስብ።