የተፈቀዱ ሦስት ቀለሞች

ሌሊት ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ጋራዦቹ አፍ ይከፍታሉ፣
ከአኻያ ጎዳና፣ ከሽመላ መንገድ፣ መኪኖች ይንሸራተታሉ።
አኻያ የለም በአኻያ ጎዳና፣
ሽመላም ከታየች ቆየና።
ስማቸው ግን አለ፣ ከአረንጓዴ ብረት ላይ ተጽፎ፣
እንደ ሟች ካፖርት፣ ከበር ኋላ ተርፎ።

ሳን ዋኪን ወንዙ፣ ከአፈር ክትሩ ጀርባ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይወርዳል፤
ሎስ ሳውሴስ ከተማው፣ በምዕራፍ በምዕራፍ ይወለዳል።
የምዕራፍ አንድ ዛፍ ጥላ ጥሏል፣ የአራት ሣር ገና ጥቅል፤
ምዕራፍ ሰባት ካስማ ብቻ፣ ብርቱካንማ ጨርቅ ውልብልብ የሚል።

ሦስት ቀለም ተፈቅዷል ለግድግዳ፦
አሸዋ፣ ሸክላ፣ አመድ።
አራተኛ ያማረው ሰው ደብዳቤ ያገኛል ማለዳ፣
«ውድ ጎረቤታችን» ብሎ ተነሥቶ፣ በቅጣት የሚወርድ።

ሮደል ማካራዬግ እዚህ ቤት ከገዛ አራት ዓመቱን ደፈነ፤
ሠፈሩ ግን ለእሱ ሌሊት ብቻ ሆነ።
ከተራራው ማዶ፣ የአውሮፕላን ጎማ ሲፈታ ሲያስር ይውላል፤
ቅዳሜም ይሠራል፤ እሑድ የእንቅልፍ ብድሩን ይከፍላል።
ቤቱ ምንድነው ቢሉት፦
የሠላሳ ዓመት ዕዳ ያለበት አልጋ።

በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ጉም መጣ።
ይህ ጉም ከሰማይ አይወርድም፤ ከራሱ ከመሬት ይነሣል፤
አሮጌው የመስኖ እርሻ፣ ከአስፋልቱ ሥር ይተነፍሳል።
ስልኩ ላይ መንገዱ ቀላ፣ ጠቆረ፣ ተዘጋ፤
ሮደል መኪናውን አደባባይ ዳር ትቶ፣ በእግሩ ቤቱን ሲፈልግ ነጋ።
ነጋ ማለት፣ ጥቁሩ ነጭ ሆነ እንጂ፣ የታየ ነገር የለም፤
አሸዋም፣ ሸክላም፣ አመድም፣ ሁሉም አንድ ቀለም።

የበሩን ቁጥር ዳሰሰ፤ ስምንት መሰለው፤ ሦስት ነበረ።
ገፋው፤ ክፍት ነው፤ ገባ፤ ጫማውን አውልቆ ደረደረ።
ቀኝ እጁ ማብሪያውን ፈለገ። ባዶ ግድግዳ።
ግራውን ሰደደ። አገኘ።
የራሱ ቤት ነው፣ በመስተዋት የታየ፤
ደረጃው በሌላው ጎን ዞሮ፣ ማድቤቱ ወደ ቀኝ የተለየ።

ጠረጴዛው ጥግ ጉርዲያል ኮር አተር ትፈለፍላለች፤
የልጇ ከባድ መኪና የትኛው ጉም ውስጥ እንደቆመ ታስባለች።
አልጮኸችም። የልጇ እርምጃ አለመሆኑን ከደጅ አውቃለች፤
ሳህኑን ወደ መሀል ገፋ አድርጋ፣ የአተሩን ግማሽ ሰጠች።
እሷ በፑንጃብኛ፣ እሱ በኢሎካኖ፣ ማንም ለማንም አልተተረጎመ፤
አተሩ ብቻ ጣ! እያለ ተለቀመ።
ከዚያ አሳላት።
ያን ሳል ያውቀዋል!
ሌሊት ሲወጣ፣ ከጎዳናው ማዶ፣ ከመስኮት የሚሰማው፤
አራት ዓመት ሙሉ ፊት ያልነበረው።

ረፋድ ላይ ኤቫሪስቶ ብሩም፣ ቀዩን የ«ቁም» ምልክት እንደያዘ፣
የጠፋውን ሁሉ እየለቀመ፣ በየደጁ ጓዘ።
ሽማግሌው ልጆች ያሻግራል፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፤
የላሞቹ ማለቢያ በነበረበት ቦታ ላይ።
«እግርህ ትንሽ ሲወርድ ተሰማህ? የአባቴ ቦይ ነው፤
ሞሉት፤ ደለደሉት፤ አስፋልት አለበሱት። ይኸው ይሰምጣል፤ ግትር ነው።»
«መሸጥህ አይቆጭህም?» አለው ሮደል።
ሽማግሌው ሳቀ፤ ሳቁ ጉሙ ውስጥ ብቻውን ቆየ።
«ላሞቼ ዘጠኝ ሰዓት ይነሡ ነበር፣ ጡታቸው ሞልቶ፤
እናንተ ዘጠኝ ተኩል፤ ያው ሰልፍ፣ ያው መብራት በርቶ።
በሠላሳ ዓመት የተለወጠው ግማሽ ሰዓት ነው፣ ወዳጄ።»

ጉም የዘገነ እጅ ባዶ ነው ይባላል፤
የሮደል እጅ ግን ያን ቀን፣ እስኪተኛ ድረስ፣ አተር አተር ይሸታል።

በማግስቱ፣ ዘጠኝ ተኩል፣ ጋራዦቹ አፍ ከፈቱ።
ቁጥር ሦስት መስኮት ሳል አለ፤ መብራቱን አንዴ አጥፍቶ አበራላት።
ትምህርት ቤቱ ጋ ሲደርስ፣ መኪናው ትንሽ ወረደ፤ ትንሽ ወጣ፤
ሮደል፣ ጨለማው ውስጥ፣
ውኃ እንደሚሻገር ሰው
እግሩን ሰብሰብ አደረገ።