ውሉ የት ነው?

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የእኔ ወንበር ያለው፤
ከመስኮቱ ወዲያ ሚስቲ ተራራ ነው።
በነጭ ድንጋይ ከተማ፣ በአሬኪፓ መሀል፣
ተማሪ ባሕር ማዶ የሚሻገርበት ውል
በእኔ እጅ ይፈረማል፣ በእኔ እጅ ይታጠፋል።

"ለልምምድ ሂዱ" ይላል የበራችን ሰሌዳ፤
ፊንላንድ፣ ኖርዌይ፣ አየርላንድ፤ ሆቴል፣ አንሶላ፣ ጓዳ።
ወደ ኋላ ግን፣ በስድስተኛው ገጽ፣
ጉንዳን በሚያህል ፊደል ተኝቷል ሰባተኛው አንቀጽ፦
"ምደባ ከተረጋገጠ ገንዘብ አይመለስም።"
ይህን ስንት ጊዜ ጠቀስኩት፤ ጣቴ አልደከመም።

ክፍያው ሦስት ነው፣ ወይም ሦስት ይመስላል፦
የመዝገብ መቶ ሃምሳ ዶላር፤ የተተፋ ምራቅ አይላስም ተብሏል።
የመድን ሁለት መቶ ሃያ፤ ባይታመሙም ይበላል።
የምደባ ሺህ ሁለት መቶ፤ ክርክሩ ሁሉ እዚያ ይውላል።
የቪዛው ወረፋ፣ ወደ ሊማ የሌሊቱ አውቶቡስ
በየትኛውም መስመር የለም፤ እሱን የሚያውቅ የቤተሰብ ኪስ።

ናይዳ ቾኬ መጣች አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣
ኤምባሲው "አይሆንም" ያለበትን ወረቀት አጥፋው ከአራት።
ከኋላዋ አክስቷ፣ ኤድልሚራ የምትባል፤
አጭር ሴት፣ እጅጌዋ ላይ የአልፓካ ሱፍ ይታያል፤
በገበያው ጀርባ ሹራብ ስትሠራ የኖረች፣
መነጽሯን በክር አስራ ከአንገቷ ያንጠለጠለች።

እኔም እንደ ልማዴ ራሴን ነቀነቅሁ፤
"እናዝናለን" የሚለውን ቅጽ ከመሳቢያ አወጣሁ፤
"አንቀጽ ሰባት" ብዬ በጣቴ አሳየሁ።
ልጅቱ አንገቷን ደፋች፤
አክስትየዋ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ልጄ" አለችኝ፣ "የተወሳሰበ ክር
ከመሀል ከጎተቱት ይብሱን ነው የሚከር፤
መጀመሪያ ውሉን ነው መፈለግ። ውሉ የት ነው?"
"ይኸው" ብዬ ሰጠኋት፤ ስምንት ገጽ ነው።
"ይሄማ ወረቀት ነው፤ እኔ የምልህ ጫፉን ነው።"

አነበበች። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤
ጣቷ ከቃል ወደ ቃል ጥልፍ እንደሚቆጥር ይሄዳል።
አንድ ሰዓት። ስልክ ጮኸ። ሻዬ ቀዘቀዘ።
ከዚያ ጣቷ አንድ መስመር ያዘ።

"ሆቴሉ ተቀብያታለሁ ያለበት ደብዳቤ አለ?"
"አለ።" "ቀኑስ?" ቀኑን አየሁ፤ ውስጤ ጭጭ አለ።
ማርች አሥራ ሁለት።
ቪዛዋ የተከለከለው ማርች ዘጠኝ፤
"መሄዴ ቀርቷል" ብላ በዚያው ማታ ነው የጻፈችልኝ።
ሦስት ቀን።
ለሌለ እንግዳ አልጋ አንጥፈን፣
የአልጋውን ዋጋ ይዘን።

"ምደባው ሳይረጋገጥ ወጥታለች" አለችኝ፤
አልጮኸችም፤ በጥፍሯ ብቻ መስመሩን አሳየችኝ።

ዶን ባልዶሜሮ አነበበ፣ ጣራ ጣራውን አየ፤
"ክፈላት፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ" አለኝ፣ በሩን እያየ።

ሺህ ሁለት መቶው ወጣ፣ የባንኩ ሠላሳ አምስት ሲቀነስ፤
የመዝገቡና የመድኑ ግን ምን ቢሉት የማይመለስ።
ኤድልሚራ ሁለቴ ቆጠረች፣ ደረሰኙ ላይ ፈረመች፤
"የሹራብ መኪናዬን ሸጬ ነበር" አለች፣
ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ እየነገረች።
"የገዛኝ የፑኖ ሰው ነው፤ አሁን በእጥፍ ካልሆነ አይሸጥም።"
ይህ በየትኛውም አንቀጽ፣ በየትኛውም ቅጽ የለም።

ወጡ። ደረጃው ላይ ልጅቱ ስትስቅ ሰማሁ፣
ወይ ስታለቅስ፤ ከሦስተኛ ፎቅ አልለየሁ።

መሳቢያዬ ውስጥ አሥራ አንድ መዝገብ አለ፣
በእኔው ማኅተም "አይመለስም" የተባለ፤
አንዱ ከሞኬጓ ነው፣ አንዷ የኩስኮ ልጅ፤
የአንዱ እናት በእርሳስ የጻፈችው አለ፤ "እባክህ፣ ወዳጅ..."

ያን ቀን አልከፈትኳቸውም። ረቡዕም አለፈ። ሐሙስም።
ዓርብ ማታ፣ ሁሉ ሲሄድ፣ መብራቱን አላጠፋሁም፤
የላይኛውን አነሣሁ፣
ቀኖቹን ጎን ለጎን ዘረጋሁ፤
ጣቴ ከቃል ወደ ቃል
እንደዚያች ሴት ጣት ለመሄድ ይሞክራል፤
ጫፉን ግን ገና አላገኘሁ።