ኮረንቲ በግንባሬ

ሠላሳ ሁለት ዓመት ምሰሶ ላይ ወጥቼ፣
ከአዘዞ እስከ ማራኪ ሽቦውን ዘርግቼ፣
አንድም ቀን ሳይነካኝ፣ ጡረታ ብወጣ
ያ የሸሸሁት ኮረንቲ ከትራሴ መጣ።

ትብለጥ ናት ያመጣችው፣ ነርሷ የእህቴ ልጅ፣
ሻሽ የሚያህል መቀነት፣ ልስልስ ያለ በእጅ፤
ሁለት እርጥብ ስፖንጅ ከውስጡ ተሰፍቶ፣
ባትሪው እንደ ክብሪት በኪስ ተከትቶ።

«ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ከመተኛትህ ፊት፤
አይጎዳም፣ ይወጋል፣ እንደ ትንኝ ጥቂት።
ተአምር ግን አይደለም፣ ሐኪሙም አልማለ፤
ያንዱን ዓይን ከድኖ ያንዱን የዘለለ።»
«ስንት ቮልት ነው?» አልኳት፣ አይለቅ የሰው አመል፤
ሳቀች፦ «የራዲዮ ድንጋይ፣ ያንን ነው የሚያክል።»

እኔ የማላውቀው ሌሊት የላት ጎንደር፤
በስድስት ጅቡ ነው፣ ቀሃን ሲሻገር፣
በስምንት የጎረቤት ሕፃን ያለቅሳል፣
በአሥር የሑመራው ሾፌር ሞተር ያስነሳል።
ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ ያሉት፣
ዓይናቸው የማይከደን እነዚያ መላእክት፣
ጠባቂ ናቸው እነሱስ፤ ማንን ሊጠብቅ ነው
ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ የሚያፈጠው?

አውቃለሁ ማንን እንደሆነ።
ድረስ ይባላል።
ቆላ ድባ ላይ፣ በክረምት፣ ከምሰሶው ወድቋል።
«አጥፍቻለሁ» ብዬው ነበር።
ሌላ አልናገርም።

አሥራ ሁለት ሌሊት ግንባሬን አሰርኩት፤
በልጆች ደብተር ላይ ሰዓቱን ጻፍኩት፦
«ሰኞ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ። ማክሰኞ፣ ምንም።
ረቡዕ፣ ማሳከክ ብቻ። እንቅልፍ የለም። የለም።
ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ያህል። ሕልም፣ ግን አልፈራሁም።»

በአሥራ ሦስተኛው ሰፈሩ ጨለመ፤
ትራንስፎርመሩ አንዴ አጓርቶ ታመመ።
እንደ ልማዳቸው ደጄን ደበደቡ፣
«ጋሽ አያናው! መብራት!» ብለው ተሰበሰቡ፣
በቆርቆሮው በር ላይ በድንጋይ፣ በዱላ፣
ልጁ፣ አሮጊቷ፣ ሚሊሻው፤ ሰለቹ ኋላ።
ይህን የሰማሁት ጠዋት ነው ከሰው አፍ፤
እኔን ወስዶኝ ነበር ዳር የሌለው እንቅልፍ።

መቀነቱን ሳየው ባትሪው ባዶ ኖሯል፤
መች እንዳለቀበት እሱም አያውቅ፣ ሞቷል።
እሱ ይሁን፣ ጨለማው፣ ወይ አንተ ነህ ድረስ፣
ያስተኛኝ ማነው ብዬ ለትብለጥ ልመልስ?

ደብተሩ ላይ ብቻ ጻፍኩ፦
«ቅዳሜ፣ ሰባት ሰዓት ሙሉ።
መብራት አልነበረም።»