ሁለት ጣት ብረት

በረዶው ከቢዩት በላይ ነው፣ ተራራው ጫፍ ላይ ገና፣
ከጋራዤ ደጃፍ ቆመች ታምዚን ትሬቬና፣
የሟች አባቷን መኪና ይዛ።
ጥቁር፣ ደረተ ሰፊ፣ ጭቃ የለመደ፣
ከኋላው ከፍ ብሎ ከፊቱ የወረደ።
«እየው» አለችኝ፣ «አቀርቅሮ ሲሄድ፣
ከቀብር የተመለሰ ይመስላል፣ የሆነ ዘመድ።
ሰለቸኝ። ቀና ይበልልኝ።»

ከካርቶን አወጣች ሁለት ጥቁር ቀለበት፣
ውፍረቱ ሁለት ጣት፣
ስድስት ቡሎን፣ ስድስት ዳዶ፣
አንድ መመሪያ ወረቀት፣ በአራት የታጠፈ፣
ገና ሳይነበብ በግራሶ የጎደፈ።

የኔ ጉልበት መታጠፍ ካቆመ ሰባት ዓመቱ ነው፣
ከመዳብ ጉድጓዱ ስወጣ እዚያው የተውኩት እሱን ነው።
ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ፣ መብራት ያዥ ሆኜ፣
አንድ የማውቀውን ነገር ከምላሴ ሥር ደፍኜ።

በክሪክ ተነሣ። በብረት እግሮች ላይ አረፈ።
ጎማው ወለቀ፣ ፍሬኑ በሽቦ ተንጠለጠለ፣
ያ የታችኛው ዳዶ ግን፣
የአሥራ ሁለት ክረምት የመንገድ ጨው የጋገረው፣
እንኳን በቁልፍ በመሐላም እንቢ አለ።
ዘይት አጠጣችው። ጠበቀችው። ሰደበችው፣
በአባቷ ስድብ፣
ልጅ ፊት የማይነገር፣ ልጅ ግን ሰምቶ የማይረሳው።
በሦስተኛው መዶሻ ጮኾ ለቀቀ፣
የጣቷ አንጓ ከሻንሲው ተላትሞ ተላጠ።
በጨርቅ ጠቅልላ ቀጠለች።
እኔም መብራቴን አላነቃነቅኩም።

ጃጎ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር።
በሱ ዘመን ይህ መኪና ባዶ ሆኖ አያውቅም፤
ቧንቧ ነው፣ ሰንሰለት ነው፣ ፓምፕ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣
ውሻው ደግሞ ከሁሉ በላይ እንደ ሹም ተቀምጦ።
ያኔ ጀርባው እንደ ገበታ ልክ ነበር።
ፋብሪካው ኋላውን ያስረዘመው ለሸክም ብሎ ነው፤
አልተጣመመም መኪናው፣
ጭነቱን እየጠበቀ ነው።
የደፈንኩት ይህን ነበር።
ልክ የሆነ ነገር ሁሉ በሰዓቱ ልክ አይደለም።

ቀለበቱን ከአሞርዛተሩ አናት አስቀመጠች፤
ሞላው ታምቆ ዝም ብሏል፣ ቂም እንደያዘ ሰው።
ግራው አራት ሰዓት ፈጀ፤ ቀኙ አንድ ተኩል።
እጅ ይማራል። ሌላው እንጃ።

አመሻሹ ላይ ውኃ ልኩን ከበሩ ሥር አጋደመች፣
አረፋዋ ዋለለች፣ ዋለለች፣ መሀል ላይ ቆመች።
«ቀና አለ!» ብላ እሷም ቀና ስትል፣
ከጣሪያው የወረደው ቧንቧ ግንባሯን መታት።
በዚያ ቀን መጀመሪያ የሳቅነው ያኔ ነው።

በማግስቱ ማታ ተቆጥታ ተመለሰች፤
«ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅም መብራት ይለቅብኛል!»
ለካ የኛ መብራት ከፍ ብሎ
የሰው ዓይን ይወጋ ነበር።
ግድግዳዬ ላይ በጠመኔ አሰመርኩ፣
ካቻቪቴውን ይዤ ሩብ ዙር፣ ደግሞ ሩብ ዙር፣
ብርሃኑ ተጎንብሶ አስፋልቱን እስኪያገኝ ድረስ።
ያኔ ነገርኳት። የሸክሙን ነገር።
የኋላውን በር ከፍታ ብዙ ቆየች፤
ባዶ ምንጣፍ፣ የውሻ ጸጉር፣ አንድ የተቆለመመ ምስማር።
«ታዲያ ትናንት ለምን ዝም አልክ?»
«መብራት ያዥ ነበርኩ» አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት በረዶው ወርዶ ነበር።
በመስኮት አየኋት፤
የጃጎን ቧንቧ ጭና፣ ሰንሰለቱን፣ ፓምፑን፣
ውሻውን ከላይ ሹማ፣
ውኃ ወደ ቀዘቀዘበት ወደ አንድ ሰው ቤት ስትወጣ።
ጅራቱ ወርዶ፣ አፍንጫው ሰማይ እያሸተተ፣
መኪናው አሁን ወደ ሌላው አጋድሏል፣
ሁለት ጣት፣ ምናልባት ከዚያም በላይ።
ክላክስ አደረገችልኝ።
እኔም ከመስኮቱ
ካቻቪቴዬን ከፍ አድርጌ አሳየኋት።