ሞራ ገላጭ

መሐል ሜዳ መንደር በግ በታረደ ቀን፣
አባቴ ይጠራል ሊያነብ ሞራውን።
ያን ስስ ስብ ዘርግቶ ለፀሐይ ይሰጣል፣
ጅማት ለጅማቱ በጣቱ ይወርዳል፤
«ዝናም ይዘገያል፤ ሰው አለ ከእፍራታ፤
ቀዩን በሬ አትሽጡ እስከ ፍልሰታ።»
ሞት ያየ እንደሆነ፣ ሞራውን ያጥፍና
«ንጹሕ ነው፣ እሰየው» ይላል ቀስ አለና።

ሞራ በገዛ ዓይኑ የወጣ ሰሞን፣
የጓሳ ጉም መስሎት ጠበቀ መገለጡን።
የአጥሩን ግንድ ቆሞ «እንዴት ዋሉ?» አለው፤
ሀብተየስን ደግሞ እንደ ግንድ አለፈው።
ቢሆንም ያነባል፣ በዳበሳ ብቻ።

ለዳግማይ ትንሣኤ የሸዋዬ ልጆች
ፌስታል አቀበሉት።
ነጭ፣ የስኳር ፌስታል።
ለፀሐይ ዘረጋ። ዳሰሰ። አዳመጠ።
«ጥጋብ ነው ዘንድሮ» ብሎ አረጋገጠ።
ልጆቹ ፈረሱ በሳቅ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤
በማግስቱ ደብረ ብርሃን፣ «አልሄድም» ቢለኝም።

«ቢላ አይደለም አባባ ይነሱ፣ ብርሃን ነው፤
ጨረር ነው ሞራውን ከቦ የሚከፍተው።
ቀዩን ነጥብ ይዩ፣ ዓይንዎን አይስበሩ።»
ከመስታወት ወዲህ፣ መቶ ሳልቆጥር እኔ፣ አለቀ ነገሩ።
የቀረውን ሰብራ በቀጭን ቱቦ መጠጠች፣
የምስር ክክ የሚያህል ሌንስ አስቀመጠች።

ኋላ ነው ሐኪሟ ይህን የነገረችኝ፦
ጨርቁ ሥር ተጋድሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ልጄ፣ ሞራዬ ላይ ምን አየሽ?» አላት።
«ምንም የለም አባባ። ሞራ ብቻ ነው» አለችው።
ዝም አለ።
«እኔም» አለ፣ «ዐርባ ዓመት እያየሁት፣
ይችን አንዲት ቃል ነው ፈርቼ የተውሁት።»

በነጋው ፋሻው ወረደ። የጫማዬን ጭቃ፣
የአልጋውን ቁጥር፣ የነርሷን የአንገት ዶቃ
አየ በየተራ።
ከፀጉሬ ደርሶ ቆመ። «ሽበት?» አለኝ።
«መች ነው የመጣብሽ፣ ማንም ሳይነግረኝ?»

ለመስቀል በግ ታርዶ ሞራው ቀረበለት፤
ዘረጋው ለፀሐይ፣ ደጁም ዝም አለለት።
ረጅም ጊዜ አየ። ልጆቹም አልሳቁ።
«ስስ ነው» አለ።
«በዚህ በኩል ሲያዩት፣ ማዶ ሰው ይታያል።»
አጥፎ ሰጠኝና፦
«በይ እንኪ፣ አቅልጪው፤ ለወጥ ይሆንሻል።»